የባንጋሎር ካንቶንመንት የእግር ጉብኝት፦ ስለ መኮንኖቹ መንገድ ብዙ፣ ስለ ገበያው ጥቂት

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ደቡብ ሕንድ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ባንጋሎርን፣ በዛሬው ይፋዊ መጠሪያዋ ቤንጋሉሩን፣ የሚያውቋት በሆስፒታሎቿ፣ በኮሌጆቿና በሶፍትዌር ኩባንያዎቿ ነው። ይህች ከተማ ግን ለረጅም ዘመን ሁለት ከተማ ነበረች። በምዕራብ በኩል ኬምፔ ጎውዳ በ1537 የቆረቆራት፣ ፔቴ የምትባለው የሸማኔዎችና የነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ እንግሊዞች ከ1809 ጀምሮ ለሠራዊታቸው የሠሩት፣ ካንቶንመንት የሚባለው የጦር ሰፈር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ይህንኑ የጦር ሰፈር በእግር የሚያስጎበኝ የግማሽ ቀን አገልግሎት ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአስጎብኚ ድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ በከተማዋ ተመሳሳይ ጉዞ የሚያዘጋጁ በርካታ ቡድኖች አሉ፣ ከዚህ በታች የምነቅፈውም የአንዱ ብቻ ጉድለት አይመስለኝም።

ጉብኝቱ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይጀመራል፤ የሚመራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቡድኑም አስጎብኚውን ያለ ድምፅ ማጉያ ለመስማት በሚያስችል መጠን አነስተኛ ነው። ምዝገባው በስልክ መልእክት ያልቃል። ክፍያው በከተማዋ መካከለኛ ምግብ ቤት ሁለት ሰው ምሳ ከሚበላበት ሒሳብ ስለማይበልጥ በዋጋው የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። የሚያከራክረኝ መንገዱ ነው። የምንሄድበት መስመር ከቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ተነሥቶ፣ የዛሬውን የማኅተመ ጋንዲ መንገድ ይዞ ወደ ምሥራቅ በመዝለቅ በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያበቃል፤ በመካከሉ ወደ ብሪጌድ ሮድ ጥቂት ይታጠፋል። ይህ ማለት ጉብኝቱ ከአንዱ የእንግሊዝ ጦር ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የእንግሊዝ ጦር ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ነው። መንገዱ በሚያሳየው ነገር እጅግ ጥሩ ነው፤ የሚያስቀረው ግን ከሰፈሩ ግማሽ አያንስም።

አስጎብኚያችን ታሪኩን የጀመረው ከሚገባው ቦታ ነበር። ባንጋሎር የምትገኝበት የማይሶር መንግሥት ገዥ ቲፑ ሱልጣን በግንቦት 1799 በዋና ከተማው በሽሪራንጋፓትና ተገደለ። እንግሊዞች ዙፋኑን ቀድሞ ወደ ነበረው ወደ ወዴያር ሥርወ መንግሥት መልሰው አንድ ሕፃን ንጉሥ ካስቀመጡ በኋላ፣ አገሩን የሚጠብቅላቸውን ጦር እዚያው በካቬሪ ወንዝ መካከል ባለችው ደሴት ላይ አሰፈሩ። ደሴቲቱ ግን ወታደሮቹን በትኩሳት ፈጀቻቸው። በመሆኑም ከፍ ያለና አየሩ ነፋሻ የሆነ ቦታ ሲፈለግ፣ ከባሕር ወለል ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባንጋሎር አምባ ተመረጠ፤ ከፔቴ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የኡልሱር ሐይቅም ለሰውና ለከብት የሚሆን ውኃ ነበረው። የሰፈሩን ፕላን ያወጣው ጆን ብላኪስተን የተባለ የማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ጦር መሐንዲስ መኮንን እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ሁሉ አስጎብኚው ከካቴድራሉ አጥር ሥር ቆሞ፣ በእጁ የያዘውን የድሮ ካርታ ቅጂ እያሳየ፣ ሳያንዛዛ ተረከ። ካቴድራሉም በ1812 ተሠርቶ ያለቀ በመሆኑ ከሰፈሩ ጋር የሚተካከል ዕድሜ አለው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ብቃት የቦታውን አቀማመጥ በማስረዳቱ ላይ ነው። ካንቶንመንት የተሠራው በአንድ ባዶ ሜዳ ዙሪያ ነው። ይህም ዛሬ በፊልድ ማርሻል ማኔክሾ ስም የሚጠራው፣ የሪፐብሊኩ ቀን በየዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ የሚከበርበት የሰልፍ ሜዳ ነው። ከሜዳው በስተ ደቡብ የሚያልፈው መንገድ ሳውዝ ፓሬድ፣ ማለትም የሰልፉ ደቡብ ይባል ነበር፤ የማኅተመ ጋንዲ ስም የተሰጠው በ1948፣ ጋንዲ ከተገደሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሌሎቹም መንገዶች ስማቸውን ያገኙት ከጦሩ ነው፦ የእግረኛው ኢንፋንትሪ ሮድ፣ የፈረሰኛው ካቫልሪ ሮድ፣ የብርጌዱ ብሪጌድ ሮድ፣ እንዲሁም የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ የኖረበት ሬዚደንሲ ሮድ። በአንድ በኩል የጦሩ ማደሪያዎች፣ በሌላ በኩል በሰፊ ግቢ መካከል ተነጥለው የተሠሩት የመኮንኖች ቤቶች፣ ከሜዳው በስተ ሰሜን ደግሞ ጦሩን የሚቀልበው ገበያ ነበር። መንገዶቹ ሰፊና ቀጥ ያሉ የሆኑት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጦር በሰልፍ የሚያልፍበት፣ መድፍ የሚጎተትበትና ከሩቅ የሚመጣ ሰው የሚታይበት መሆን ነበረበት። የፔቴን ጠባብ ጎዳናዎች ያየ ሰው ሁለቱ ከተሞች ለተለያየ ኑሮ እንደ ተሠሩ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልጅ ማነጻጸሩ አይቀርለትም። የእኛም ከተማ ያደገችው ከጦር ሰፈር ነው፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ከነሠራዊታቸው የሰፈሩት የንጉሡን ግቢ ከብበው ስለሆነ፣ ሰፈሩም ከተማውም አንድ ነበር። የባንጋሎሩ ሰፈር ግን ከሁለት ምዕት ዓመት ተኩል በላይ ከኖረች ከተማ ጎን ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ራሱ ሜዳ አዙሮ የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ሆን ተብሎ የተተወው ክፍት ቦታም በኋላ ኩበን ፓርክ ሆነ። ፓርኩን በ1870 የነደፈው የጦር መሐንዲሱ ሪቻርድ ሳንኪ ነው፤ በፓርኩ ጠርዝ ላይ የሚታየውንና ዛሬ የካርናታካ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገኝበትን ቀዩን የመንግሥት ሕንፃም የሠራው እርሱ ነው። ጉብኝታችን የተነሣው ከፓርኩ አጠገብ ስለነበር አስጎብኚው በእጁ ወደዚያ አመልክቶ ማለፉ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ሰፈሩና ከተማው እንዴት እንደ ተለያዩ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም።

አንድ የጦር ሰፈር እንዴት የራሱ ሕግና አስተዳደር ያለው ከተማ እንደሚሆን የሚገልጸው የትረካ ክፍል፣ ከሰማኋቸው ገለጻዎች ሁሉ ግልጽ የሆነው ነበር። በ1831 እንግሊዞች የማይሶሩን ንጉሥ ከአስተዳደር አግልለው አገሩን በኮሚሽነር መግዛት ሲጀምሩ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ባንጋሎር መጣ፤ ፓርኩ በስሙ የሚጠራለት ማርክ ኩበንም ከ1834 እስከ 1861 በዚህ ሥልጣን ላይ ነበር። በ1864 የማድራስ የባቡር ሐዲድ ሲደርስ መጨረሻ ጣቢያው የተሠራው ፔቴ አጠገብ ሳይሆን በካንቶንመንት ነበር፤ አሮጌው ከተማ ባቡር እስኪደርሰው እስከ 1880ዎቹ መጠበቅ ነበረበት። በ1881 አገሩ ለወዴያሮች ሲመለስ ካንቶንመንት አብሮ አልተመለሰም፤ ሲቪልና ሚሊተሪ ስቴሽን ተብሎ በእንግሊዝ እንደራሴ ሥር ቀረ። ስለዚህ የማይሶር ዜጋ ከፔቴ ተነሥቶ ፓርኩን ሲያቋርጥ ከአንድ አስተዳደር ወጥቶ ወደ ሌላ አስተዳደር ይገባ ነበር። ሰፈሩ ለማይሶር የተመለሰው በሐምሌ 1947፣ ሕንድ ነፃ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀራት ነው፤ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶችም በ1949 ተዋሐዱ።

ከዚህ በኋላ ጉብኝቱ መላላት ይጀምራል። ብሪጌድ ሮድና ሬዚደንሲ ሮድ በሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ በቆመው የማድራስ ፓዮኒር ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ፊት ረዘም ያለ ጊዜ ብንቆምም፣ የሰማነው ስለ አካባቢው መጠጥ ቤቶችና የድሮ ሲኒማ ቤቶች ነበር። ከዚያ የቸርችል ታሪክ መጣ። ዊንስተን ቸርችል በ1896 በወጣትነቱ ከፈረሰኛ ክፍሉ ጋር ወደ ባንጋሎር መጥቶ ነበር፤ በ1868 የተመሠረተው የመኮንኖች ክበብ፣ የዛሬው ባንጋሎር ክለብ፣ በመዝገቡ ላይ ያልተከፈለ የ13 ሩፒ ዕዳ በስሙ አስፍሯል። ታሪኩ አስቂኝ ነው፤ እንግሊዛውያን ጎብኚዎችም ከልባቸው ሳቁበት። ይሁን እንጂ ክበቡ የአባላት ብቻ ስለሆነ አጥሩን እያየን የሰማነው ይህ ጨዋታ፣ የጦሩን አብዛኛውን ቁጥር ስለያዙት ሕንዳውያን ወታደሮች አኗኗር ከተነገረን ሁሉ ይረዝም ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የጦር ሰፈር በመኮንኖች ብቻ አይቆምም። ልብስ አጣቢው፣ ሥጋ አቅራቢው፣ ሠረገላ ነጂው፣ ግንበኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሣር ቆራጩ፣ ሞግዚቷ፣ ብድር ሰጪው ሁሉ ያስፈልጉታል። የባንጋሎር ጦር ከማድራስ በኩል የመጣ ስለነበር ከኋላው የተከተሉት ሰዎች አብዛኞቹ የታሚል ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ የቴሉጉና የኡርዱ ተናጋሪዎችም አብረው መጡ። የካንቶንመንት የገበያ ቋንቋ ከፔቴው ቋንቋ፣ የካርናታካ ቋንቋ ከሆነው ከካንናዳ፣ የተለየው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ልዩነቱ ዛሬም በጆሮ ይታወቃል። እነዚህ ሰዎች የኖሩት ከሰልፍ ሜዳው በስተ ሰሜን፣ ያን ጊዜ ብላክፓሊ በሚባለውና ዛሬ ሺቫጂናጋር በሆነው ሰፈር ነው። በ1898 ቸነፈር በገባ ጊዜ ክፉኛ የተጎዳው ይህ የተጨናነቀ ክፍል ነበር። ከዚያ በኋላ በ1910 የተመረቀውን ፍሬዘር ታውንን የመሳሰሉ፣ መንገዳቸው በመስመር የተሰመረ አዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮች የተሠሩት መጨናነቁን ለማቃለል ነው። ጉብኝቱ ግን ወደ ሰሜን አንድ እርምጃ አይራመድም። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ መንገዱ እንደሚጨናነቅና ጎብኚዎች እንደሚደክሙ ነበር፤ መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ያጠፋነው ጊዜ ለዚህ በበቃ ነበር።

ስለዚህ ጉብኝቱን የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ግማሽ በራሱ እንዲሞላው እመክራለሁ። ከማኅተመ ጋንዲ መንገድ ወደ ሰሜን የሰልፍ ሜዳውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ካማራጅ ሮድ፣ የቀድሞው የፈረሰኛ መንገድ ነው፤ ዛሬ የሚጠራው የማድራስ ጠቅላይ ግዛት መሪ በነበሩ ታሚላዊ ፖለቲከኛ ስም መሆኑ ለሰፈሩ ታሪክ የሚስማማ ነው። ኩበን ሮድን ካቋረጡ በኋላ ኮሜርሻል ስትሪት የሚባለው የጨርቅና የጌጣጌጥ ገበያ ይገኛል። በአቅራቢያው ያለው የመንገድ ሰሌዳ ሜይን ጋርድ ክሮስ ሮድ ሲል የዘበኞቹን ቦታ ያስታውሳል፤ ጥቂት አለፍ ሲሉ ደግሞ የናራያና ፒላይ መንገድ ይመጣል። ከመኮንኖችና ከክፍለ ጦር ስሞች ወደ ታሚል ነጋዴዎች ስም የተሻገሩት በጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ በ1927 ተሠርቶ በ1933 የተመረቀው ራስል ማርኬት ይታያል፤ አትክልቱ፣ ሥጋው፣ ዓሣውና አበባው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበት፣ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው የማያስደነግጥ ግርግር ያለበት ገበያ ነው። በአጠገቡ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ አለ። የእመቤታችን የልደት በዓል በመስከረም 8 ሲከበር፣ ቀደም ካሉት ቀናት ጀምሮ ሕዝቡ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ የሚጎርፍበት ስፍራ ስለሆነ፣ ጉዞው በዚያ ሰሞን የሚገጥምለት ሰው ሊያልፈው አይገባም።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሌላም የሚጎድል ነገር አለ። ጉብኝቱ ከሚያበቃበት ከቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ርቀት፣ በኡልሱር ሐይቅ ዙሪያ፣ የማድራስ መሐንዲሶች ክፍል ማዕከል ይገኛል። በቀድሞ መጠሪያው ማድራስ ሳፐርስ የሚባለው ይህ ክፍል የሽቦ አጥር ለማፈንዳት የሚያገለግለው ባንጋሎር ቶርፒዶ የተባለው መሣሪያ በ1912 የተፈለሰፈበት ነው፤ ይህን አስጎብኚው በኩራት ነግሮናል። ያልነገረን ግን ከክፍሉ የጦርነት ክብር ስሞች መካከል አንዱ አቢሲኒያ መሆኑን ነው። በ1868 ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ወደ መቅደላ የመራው ሠራዊት በአብዛኛው ከሕንድ የተነሣ ሲሆን፣ የማድራስ ሳፐሮችም አብረው ዘምተዋል። ያን ሠራዊት ከነመድፉና ከነዝሆኑ እስከ መቅደላ ያደረሰው የመሐንዲሶቹ የመንገድ ሥራ ነበር። ይህን ለአስጎብኚው ባነሣሁለት ጊዜ በትሕትና አዳመጠኝ፤ በማስታወሻውም ጻፈው። ወደ ማዕከሉ ያለ ፈቃድ መግባት ስለማይቻል ብዙ ይታያል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ስለዚህ ዘመቻ ሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር የሚያስቸግር አልነበረም።

የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ራሱ የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ነው። በ1851 ለጦሩ የተሠራው ይህ ሕንፃ ከመንገዱ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ስለሆነ ግንቡ ከሩቅ ይታያል፤ ውስጡ በግድግዳው ላይ የተለጠፉት የእብነ በረድ ጽሑፎች የመኮንኖችንና የቤተሰቦቻቸውን ሞት ይዘግባሉ። ጽሑፎቹን በትዕግሥት ያነበበ ሰው ከጥይት ይልቅ በበሽታ የሞተው እንደሚበዛ ያስተውላል። አስጎብኚው ይህን ለማንበብ ጊዜ ሰጠን፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ቀኑ እሑድ ቢሆን ኖሮ ግን በጸሎት ሰዓት ምክንያት ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ለጎብኚ አይመቹም ነበር። በመሆኑም የሚመዘገብ ሰው ቅዳሜን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በአካል ስለሚታየው ነገር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የማኅተመ ጋንዲ መንገድ ሰሜናዊ ጠርዝ በአንድ ወቅት ዛፍና አበባ የነበረበት የእግር መንገድ ነበር፤ በጥቅምት 2011 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ድልድይ በዚያው ላይ ስለተሠራ፣ የሰልፍ ሜዳው ከመንገዱ ላይ ሆኖ እንደ ቀድሞው አይታይም። አስጎብኚው በድልድዩ ምሰሶዎች መካከል እየጠቆመ ለማሳየት ብዙ ደከመ። ቀላሉ ዘዴ ግን ባቡሩን መሳፈር ነው። ሐምራዊው መስመር ከኩበን ፓርክ የምድር ውስጥ ጣቢያ ወጥቶ ወደ ማኅተመ ጋንዲና ወደ ትሪኒቲ ጣቢያዎች ሲያልፍ፣ በግራ በኩል የሰልፍ ሜዳው ከላይ ይታያል፤ በሁለት ምዕት ዓመት ውስጥ ሕንፃ ያልበላው ለምን እንደሆነም ይገባል፤ መሬቱ ዛሬም በጦሩ እጅ ነው። የጉብኝቱ አዘጋጆች ይህችን አጭር የባቡር ጉዞ በመጀመሪያው ላይ ቢያስገቧት ካርታውን ዘርግቶ ማስረዳት ሳያስፈልግ የሰፈሩ አቀማመጥ በአንድ ጊዜ ግልጽ ይሆን ነበር፤ ትኬቱም ለማንም የሚከብድ አይደለም።

ከአረጋውያን ወላጆች ወይም ከታማሚ ጋር ላለ ሰው ይህን ጉብኝት አልመክርም። መንገዱ ሜዳማ ቢሆንም የእግር መሄጃው በየቦታው የተቆራረጠ ነው፤ ማረፊያ ወንበር የለም፤ አስጎብኚው እንግሊዝኛውን በፍጥነት ስለሚናገር ቋንቋውን በትምህርት ቤት ብቻ ላወቀ ሰው መከታተል ያስቸግራል። ለተማሪዎች፣ ለከተማ ፕላን ባለሙያዎችና ታሪክ ለሚወዱ ሰዎች ግን ገንዘቡ አይቆጭም። በጦር መሥሪያ ቤቶቹ አጥር አካባቢ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደማይፈቀድ አስጎብኚው ገና ሲነሣ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ቸል ማለት ከዘበኛ ጋር ያጋጫል። ሺቫጂናጋርን በራሱ ለማየት የወሰነ ሰው ደግሞ ከትሪኒቲ ባለ ሦስት ጎማ ታክሲ ይዞ ራስል ማርኬት ቢልለት ማንም ነጂ ያውቀዋል፤ ከመሳፈሩ በፊት ግን ነጂው ቆጣሪውን እንዲያበራ ይጠይቀው፣ አለዚያም ዋጋውን አስቀድሞ ይዋዋል።